ፊዚክስ ጎበዝ የሆነ ልጅ ይህን መልዕክት እንዴት ያስተላልፋል?

መምህር_ሞገድ (ርዕሱን የከፈተው)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለቀቀውን መልዕክት ልለጥፍላችሁ። ብዙዎቻችሁ ሳይደርሳችሁ አልቀረም።

«አስቸኳይ! ዛሬ ሌሊት ከ6፡30 እስከ 9፡30 ድረስ ኃይለኛ የጠፈር ጨረር ወደ ምድር ተጠግቶ ያልፋል። ስልካችሁን አጥፉ፣ ከአጠገባችሁም አርቁ። ናሳ አረጋግጧል። ለምትወዷቸው ሁሉ አስተላልፉ!»

መልዕክቱ አሮጌ ነው፤ ቋንቋ እየቀያየረ ዓለምን ሲዞር ዓመታት አስቆጥሯል። የገረመኝ ላኪው ነው። ልጁ ጎበዝ ነው። ድግግሞሽና የሞገድ ርዝመት ሰጥታችሁት የሞገዱን ፍጥነት አውጣ ብትሉት እስክርቢቶውን ሳያነሳ ይጨርሰዋል። ግን «ሌሊት 6፡30 የት አገር?» ብሎ አልጠየቀም። እዚህ ሌሊት ሲሆን ሌላ ቦታ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጨረሩ የሚጓዘው በማን ሰዓት ነው?

ደግሞም የጠፈር ጨረር ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። አብዛኛው ከጠፈር እየተወረወረ የሚመጣ ፕሮቶን ሲሆን ምድርን ያለማቋረጥ ይመታታል። የምድር መግነጢሳዊ መስክና ከባቢ አየሩ አብዛኛውን ይመክቱልናል። ስልኩ በራ ጠፋ ለውጥ የለውም።

ይህን ሁሉ ልጁ ተምሯል፤ ፈተና ላይ ቢመጣለት ይመልሰዋል። ታዲያ ምን ጎደለው? እኔ የሚመስለኝ የሳይንስን መልሶች ብቻ አስታቅፈን መላካችን ነው። መልሱ እንዴት እንደተገኘ፣ ሰዎች በምን እንዳረጋገጡት፣ «ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ አላሳየነውም። ለወጣቶች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ግንዛቤ ያስፈልጋል ሲባል ስብሰባው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ምኑ እንደሚያስፈልግ ሲጠየቅ ግን ሁሉም የየራሱን ያወራል። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?

---

እንቅልፋሙ፦

መምህር፣ እኔም አጥፍቼ ነው ያደርኩት። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም። ጨረሩ ቶሎ ቶሎ ይምጣ ሃሃሃ።

---

ፍሬን_ሸራ፦

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ መምህር፣ ነገሩን አካበዱት። እኔ መካኒክ ነኝ። ደንበኞቼ መኪና ይነዳሉ፤ ካንዴላ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ሲበላሽ ወደ እኔ ያመጡታል፣ ሠርቼ እሰጣቸዋለሁ፣ አለቀ። ሳይንስም እንደዚያው ነው፤ ሕክምናውን ለሐኪሙ፣ ድልድዩን ለኢንጂነሩ መተው ነው። ልጆቹን በማይሠሩበት ነገር ከምታጨናንቋቸው ሙያ አስተምሯቸው። ሁሉም ሳይንቲስት ሊሆን ነው እንዴ?

---

የሌሊት_ተረኛ፦

ሁሉም ሳይንቲስት አይሆንም፤ ሁሉም ግን ይታመማል ወንድሜ።

ነርስ ነኝ። ጉንፋን ይዞት መጥቶ «አሞክሳሲሊን ይጻፍልኝ» ብሎ የሚቆጣ ሰው ሳላይ የማልፍበት ተራ የለም። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ቫይረሱን አያገኘውም። ይህን ተረጋግቼ ሳስረዳው «እሺ፣ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናላ፣ ጠንከር ያለ ስጡኝ» ይለኛል።

መድኃኒቱን የሚለምደው የሰው ሰውነት አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ይህ ነጥብ ቢገባን ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ካሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባሕርይ ይኖራቸዋል። መድኃኒቱ ደካሞቹን ይፈጅና ለእነዚህ ጥቂቶች ሜዳውን ለቆ ይሰጣቸዋል። ይራባሉ። ከዚያ ወደ እናቱ፣ ወደ ልጁ፣ አብሮት ወደሚሠራው ሰው ይተላለፋሉ። እንግዲህ ጉዳዩ የሱና የሐኪሙ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ አስጠንቅቋል፦ ሰዎች መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች እየወሰዱ ጀርሞቹን እንዳያስተምሯቸው። ማስጠንቀቂያው ከመድኃኒቱ እኩል የቆየ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪም የፈለገውን ያህል ቢማር ክኒኑን የሚውጠው፣ የተረፈውንም ለጎረቤት የሚያካፍለው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ «ለባለሙያው ተውለት» እዚህ ላይ አይሠራም።

---

መምህር_ሞገድ፦

እህቴ እጅሽ ይባረክ፤ ይህን ለባዮሎጂ መምህራችን እልከዋለሁ።

ፍሬን_ሸራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። «መኪናዬ አልነሳ አለ» ብሎ ሰው ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?

---

ፍሬን_ሸራ፦

መጀመሪያ ቁልፉን አዙሬ ድምፁን እሰማለሁ። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ባትሪውን እለካለሁ። ባትሪው ደህና ከሆነ ገመዱን፣ ከዚያ ሞተሪኖውን አያለሁ። ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ወይ ነዳጅ አልደረሰውም ወይ እሳት የለውም፤ ካንዴላውን ፈትቼ አያለሁ። ሁሉንም ባንዴ አልነካም፤ ባንዴ ከነካካሁት ቢነሳ እንኳ ምኑ እንደነበር አላውቅም። ለምን ጠየቁኝ?

---

መምህር_ሞገድ፦

አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ውጤቱን ማየት፣ የማይሆነውን እያስወጡ ወደሚሆነው መጠጋት። እኔ ክፍል ውስጥ «ቁጥጥር የተደረገበት ሙከራ» እያልኩ በሰሌዳ ላይ የምጽፈውና ልጆቹ ሸምድደው የሚረሱት ይኸው ነው። አንተ ጋ የሚለማመዱት ልጆች በእጃቸው ይዘውታል። ይህ ለሁሉም ይድረስ ነው የምለው እንጂ ሁሉም ነጭ ጋዋን ይልበስ አላልኩም።

---

ፍሬን_ሸራ፦

ኧረ እንዴት ነው ያስገቡኝ መምህር! እኔን ግን አለቃዬ በጥፊ ነበር ያስተማረኝ፤ ሳይንስ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። የሆነ ሆኖ ልጆች ከክፍል ወጥተው እጃቸውን ያቆሽሹ የሚለው ሐሳቤን አልለወጥኩም።

---

ቁጥር_አፍቃሪ፦

ስለ ሳይንስ ስታወሩ ቁጥርን ዘላችሁት አለፋችሁ፤ እኔ ደግሞ ወጣቱ ገንዘቡንም ጤናውንም የሚበላው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሁለት ምሳሌ። የመጀመሪያው «ስድስት ሰው አስገባና ቁጭ ብለህ ብላ» የሚባለው ነገር ነው። በየጊዜው ስሙን ይቀይራል፤ አንዴ ኢንቨስትመንት፣ አንዴ ኔትወርክ፣ አሁን ደግሞ ክሪፕቶ ይሉታል። ካልኩሌተር አውጡና 6ን በ6 እያባዛችሁ ሂዱ። በ5ኛው ዙር 7,776 ሰው ያስፈልጋል። በ10ኛው ዙር ከ60 ሚሊዮን ያልፋል። 13ኛው ላይ ስትደርሱ ከ13 ቢሊዮን በላይ ሰው ልታገኙ ነው፤ በምድር ላይ ያለነው ግን 8 ቢሊዮን ገደማ ነን። ስለዚህ ከታች ያለው ሰው መክሰሩ የዕድል ወይም የትጋት ማነስ ጉዳይ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ነው ያከሰረው። ይህን ለማየት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ በቂ ነው። ግን ማን «ይህን የተማርከውን እዚያ ላይ ሞክረው» ብሎት ያውቃል?

ሁለተኛው የመቶኛ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሪታኒያ ውስጥ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን «እጥፍ ያደርጋሉ» ተብሎ ተነገረ። በመቶኛ ሲነገር የ100 በመቶ ጭማሪ ነው። ሴቶች ደነገጡ፤ ብዙዎች እንክብሉን ጣሉ። እጥፍ የሆነው ምን ነበር? ከ7,000 ሴቶች አንዷ ላይ ይደርስ የነበረው ወደ ሁለት ከፍ ማለቱ ነው። ባልታሰበ እርግዝና ምክንያት በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ ውርጃ በ13,000 ገደማ ጨምሯል ተብሎ ይገመታል። የሚያናድደው ደግሞ እርግዝና ራሱ የደም መርጋት አደጋው ከእንክብሉ የባሰ መሆኑ ነው። ዜናው አልዋሸም። «እጥፍ» የሚለውን ቃል ሲሰማ «የስንት እጥፍ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ነው የጠፋው።

---

ባለ_ሁለት_ልብ፦

ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። «ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ አትመኑ» እያልን ልጆቹን ስናሳድግ፣ ያ ሁሉ የሴራ ወሬ ነጋዴ የሚያወራውም እኮ ይህንኑ ነው። ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚለው ሰው «እኔ ጠያቂ ነኝ» ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የ5ጂ ምሰሶ ኮሮናን ያሰራጫል ብለው ምሰሶ ያቃጠሉት ሰዎች ራሳቸውን የነቁ አድርገው ነበር የሚያዩት። የአጎቴ ልጅ ክትባት አላስከትብም ብሎ የሚያመጣልኝ «ጥናት» ብዛቱ! ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ተሳስተው ያውቃሉ። ታዲያ መጠርጠርን ማስተማር ነገሩን አያብሰውም?

---

መምህር_ሞገድ፦

በዚህ ክር ላይ ከተጠየቁት ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በሁለት ታሪክ ልመልስ።

ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ሆኖ የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንስኤ ባክቴሪያ ነው አለ። ያን ጊዜ አብዛኛው ሐኪም ቁስለትን የጭንቀትና የአሲድ ውጤት አድርጎ ነበር የሚያየው፤ አሲድ ባለበት ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚቀበል ጥቂት ነበር። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ታመመ፤ ጨጓራው ተቆጥቶ ባክቴሪያው እዚያው ተገኘ። ሌሎች ተመራማሪዎችም በየቦታቸው እየሞከሩ አረጋገጡት። በ2005 ሁለቱ ኖቤል ወሰዱ፤ ዛሬ ብዙ የጨጓራ ቁስለት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

አንድሩ ዌክፊልድ ደግሞ በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ 12 ልጆችን ብቻ ይዞ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላውን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ሌሎች ሞከሩት። በየአገሩ በብዙ መቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሕፃናት ላይ ሲታይ ግንኙነቱ የለም። ቆይቶም የልጆቹ መረጃ እንደተዛባ ወጣ፤ በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፣ ሰውየውም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ።

ሁለቱም ብዙኃኑን ተቃውመው ነው የተነሡት። ልዩነታቸው የታወቀው ሌሎች ሲፈትሿቸው ነው። ልጆቹን የምንነግራቸው ይህንን መሆን አለበት፦ ሳይንስ የሚታመነው ሳይንቲስቶች ስለማይሳሳቱ አይደለም፤ አንዱ ሲሳሳት ስህተቱን ለማጋለጥ የሚሽቀዳደም ሌላ ስላለ ነው። የሴራ ወሬ ነጋዴ የሌላውን ሁሉ ይጠራጠራል፤ «አንተስ ምን ብታይ ሐሳብህን ትቀይራለህ?» ስትለው ግን መልስ የለውም። የአጎትህን ልጅ ይህችን ብቻ ጠይቀው። ክርክሩን አታሸንፍ ይሆናል፤ ከማን ጋር እንደምታወራ ግን ታውቃለህ።

---

መደርደሪያ፦

የመምህሩ ላይ ልጨምር፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታሪክ ዶክተሮችን፣ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና የእውነታ አጣሪ ባለሙያዎችን ድረ ገጽ እያሳዩ «ይታመናል ወይስ አይታመንም?» ብለው አነጻጽረው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያነቡታል፤ ዓርማው ያምራል፣ አጻጻፉ ጨዋ ነው፣ ይሉና ይሸወዳሉ። አጣሪዎቹ ወዲያው ገጹን ትተው በሌላ ታብ ስለ ገጹ ባለቤት ሌሎች ምን እንደሚሉ ይፈልጋሉ። ባነሰ ጊዜ የተሻለ መልስ ያገኙት እነሱ ናቸው።

ትምህርት ቤት ግን «በጥሞና አንብቡ» ብቻ ነው የሚለው። ለኢንተርኔት ቶሎ ለቅቆ መውጣትንም ማስተማር ያስፈልጋል። የተለመደው የኛ ማስተባበያ ወሬው አገር ካዳረሰ በኋላ ስለሚመጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

---

የሁለት_እናት፦

ሳይንሱን ተዉትና ቴክኖሎጂው ላይ ግን ልጆቻችን ከኛ ይሻላሉ ባይ ነኝ። የኔ የ13 ዓመቷ ስልኬን የምታስተካክልልኝ እሷ ናት። ለነሱ ቴክኖሎጂ ማስተማር ለዓሣ ዋና እንደማስተማር አይሆንም?

---

ኮድ_ለቃሚ፦

እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ መንካትና ማወቅ ይለያያል። ልጅሽን ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ጠይቂያት።

አንደኛ፦ «ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ቀጣዩን ማን መረጠልሽ? ለምን እሱን?» መተግበሪያው የሚመርጠው እሷን ስክሪኑ ላይ የሚያቆያትን ነው። የትኛው ላይ እንደቆየች፣ የትኛውን ቶሎ እንዳለፈች ይመዘግባል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይገምታል። የሚያስቆጣትና የሚያስደነግጣት ነገር የሚያቆያት ከሆነ የሚያቆጣና የሚያስደነግጥ ነው የሚያመጣላት። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ክፍል በዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

ሁለተኛ፦ «ስልክሽ ላይ የሚመጣው ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ለምን ይመጣል?» ብዙ ወጣት «ለሰው አትስጡ» የሚለውን ሰምቷል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ደዋዩ ጥሩ ታሪክ ካመጣ ይሰጣል። ኮዱ «ይህ ስልክ በእጄ ነው» የሚል ማስረጃ ነው። ለደዋዩ ስትነግሪው ማስረጃውን አስረከብሽው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሲስተሙ አንቺ ማለት እሱ ነው። ይህ የገባት ልጅ ደዋዩ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢል፣ ሽልማት ደርሶሻል ቢል፣ ወንድምሽ ታሟል ቢል አይገባላትም።

ሦስተኛም አለ፤ ሁለት አልኩ እንጂ። እነ ቻትጂፒቲ። ልጆቹ እንደሚያውቅ ሰው ነው የሚያዩት። በቀላሉ ሲነገር፣ ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል የሚገምት ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ሲሳሳትም በዚያው በራስ መተማመን ነው የሚሳሳተው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች በሱ ተማምነው ፍርድ ቤት ባስገቡት ጽሑፍ ላይ ጭራሽ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የተማሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። እኔ ለታናናሾቼ የምሰጣቸው ሥራ በደንብ ስለሚያውቁት ነገር፣ ለምሳሌ ስለሚደግፉት ቡድን፣ ደጋግመው እንዲጠይቁትና ስህተቱን እንዲያድኑ ነው። በሚያውቁት ላይ ሲሳሳት ካዩት በማያውቁት ላይ ይጠነቀቃሉ።

---

የሁለት_እናት፦

አሁን ጠየቅኳት። ለመጀመሪያው «እኔ ነኛ የመረጥኩት» አለችኝ። ለሁለተኛው ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

---

ካርታ_ወዳጅ፦

ፊዚክስና ኮምፒውተር ብቻ ሆነ እኮ ነገሩ! እኛን ጂኦግራፊዎችን አትርሱን እንጂ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ታይላንድ ፉኬት የባሕር ዳርቻ ላይ ከወላጆቿ ጋር ለእረፍት የነበረች የ10 ዓመት እንግሊዛዊት ተማሪ፣ ባሕሩ አረፋ እየደፈቀ ወደ ዳርቻው ሲገፋና አልመለስ ሲል ታያለች። ከሁለት ሳምንት በፊት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ሱናሚ ተምራ ነበር። እናትና አባቷን ጮኻ አስጠነቀቀች፤ ዳርቻው ላይ የነበረው 100 የሚሆን ሰው ማዕበሉ ሳይደርስ ሸሸ። አዋቂዎቹም እኮ ያንኑ ባሕር እያዩ ነበር።

---

ጠመኔ_ብቻ፦

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ጻፋችሁ፤ እኔ ግን ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የታጨቀ ክፍል ነው የማስተምረው። ያለኝ የስሜ ያህል ነው፦ ጠመኔ ብቻ። ሙከራ በሉ ስትሉ በምን?

---

መምህር_ሞገድ፦

አንድ መጽሐፍና አንድ ወረቀት አይጠፋህም። «ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል ወይ?» ብለህ እጅ አስወጣ። አብዛኛው አዎ ይላል። መጽሐፉንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ልቀቃቸው፤ መጽሐፉ ይቀድማል፣ «አላልንህም!» ይላሉ። ዝም በል። ከዚያ ወረቀቱን ከመጽሐፉ እንዳይተርፍ ቆርጠህ አናቱ ላይ አስተኛውና አብረህ ልቀቃቸው። እኩል ይወርዳሉ። ክፍሉ ፀጥ ይላል፤ ቀጥሎ አንዱ «መጽሐፉ አየሩን ስለከፈተለት ነው» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ ተጣብቆ ነው» ይላል። መልሱን አትንገር። «ተጣብቆ ከሆነ በምን እናውቃለን?» በላቸው። አንዷ ተማሪዬ ወረቀቱን ጨምድዳ ኳስ አደረገችውና ከመጽሐፉ ርቃ ለብቻው ለቀቀችው። ይኸው ሙከራ ማለት። እኩል ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ ለቅቆ እኩል መውደቃቸውን ማሳየቱን ያን ጊዜ ብትነግራቸው አይረሱትም።

ውጭ ከወጣህ ደግሞ እንጨት ተክለህ ጥላውን በየሰዓቱ አስለካቸው። ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት የምድርን ዙሪያ የገመተው ከጥላና ከርቀት ተነሥቶ ነው።

---

ጠመኔ_ብቻ፦

የመጽሐፉን አደርገዋለሁ። ግን ፈተናው ይህን አይጠይቅም፤ ልጆቹም ወላጆቹም የሚያዩት ፈተናውን ነው። ብሔራዊ ፈተናውን እኔ አላወጣም።

---

መምህር_ሞገድ፦

እሱን እኔም አላወጣም፤ የክፍል ፈተናውን ግን ሁለታችንም እናወጣለን። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በያንዳንዱ ፈተና መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አስገባለሁ። የመጀመሪያው ይኸውላችሁ፦

«ከታች ያለው መልዕክት በስልክህ/ሽ ደረሰ። (የጨረሩ መልዕክት እንዳለ።) ሀ) ሊረጋገጡ የሚችሉ አባባሎችን ለይተህ/ሽ ጻፍ/ፊ። ለ) ከነዚህ አንዱን ለማረጋገጥ ምን ታደርጋለህ/ታደርጊያለሽ? ሐ) ምን ብታገኝ/ኚ መልዕክቱ እውነት ነው ትላለህ/ትያለሽ?»

---

ጠመኔ_ብቻ፦

ሰኞ ለ10ኛ ክፍሎቼ እሞክራታለሁ። «ሐ» ላይ ግን ነጥብ አሰጣጡ እንዴት ነው? ሁሉም የተለያየ ነገር ይጽፋል።

---

መምህር_ሞገድ፦

ይጻፉ። «ምንም ባገኝ አላምንም» ያለው ዜሮ፣ «ናሳ ካለ አምናለሁ» ያለው ግማሽ፣ ናሳ በራሱ ገጽ ላይ ማለት አለማለቱን አያለሁ ያለው ሙሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራስህ ታየዋለህ፤ አራሚው አንተ ነህ።

---

ፍሬን_ሸራ፦

የኔን ልጅ ወረቀት ስታርሙ ግን በጥፊ አይሁን።